«ማን ቀደመ?»፦ በአሶሳ ስልክ ቤት መስመር ስሰጥ

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረኝ በመሥሪያ ቤታችን ስለ ኢንተርኔት አገልግሎት ሥልጠና ተሰጠ። እኔ የገባሁት ሻይ ለመጠጣት ነው። ለሚሰናበት ሰው ሥልጠና መስጠት ለታረደ በሬ ሣር እንደማቅረብ ነውና ማንም ልብ ብዬ እንድሰማ አልጠበቀም።

አሠልጣኙ ትሁት ወጣት ነበር። በዓለም ላይ ያሉ የመስመር አቅራቢዎች ሁለት ዓይነት ጠባይ አላቸው አለ። አንዱ በመስመሩ የሚያልፈውን ሁሉ እኩል ያሳልፋል። ሌላው የወደደውን ወይም የከፈለውን በፈጣኑ፣ ሌላውን በዘገምተኛው ይሰደዋል፤ ያልወደደውን ጭራሹን ያስቀረዋል። ይህን የሚከለክል ደንብ ያላቸው አገሮች አሉ፤ ደንቡን አውጥተው የሻሩም፣ ሽረው የመለሱም አሉ። ይኼን ሲል ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው እጁን አወጣ።

«መስመሩን የዘረጋው አቅራቢው አይደል እንዴ? በገዛ መስመሩ እንደፈለገ ቢያደርግ ማን ምን አገባው?»

ሻዬን አስቀመጥኩ። ያቺን አባባል አውቃታለሁ። አሶሳ እያለሁ፣ ክልሉ ገና አዲስ በተቋቋመ ጊዜ፣ አንድ ሰው የቡሽ ክዳን ቀዳዳ ውስጥ እየጠቀጠቀ ነግሮኛል። ተነሥቼ ታሪኩን ነገርኳቸው። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ሥልጠናውም እዚያው ቀረ። ስንወጣ አሠልጣኙ «እትዬ አስቴር፣ ይኼን ነገር ይጻፉት» አለኝ።

ይኸው እጽፈዋለሁ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ያስተማረኝ የሰው ወሬ መስማት ነው። ኧረ ወሬ መስማት ስል መስመር ላይ አይደለም! ለምን እንዳልሆነ አሁን እነግራችኋለሁ።

የተወለድኩት ወለጋ፣ ቤጊ አጠገብ ነው። አሶሳ የመጣሁት ባሌን ተከትዬ ሲሆን ስልክ ቤት የገባሁትም ወለል ልወለውል ነው። ያኔ ስልክ ቤት ማለት ቆርቆሮ ክዳን ያለው አንድ ቤት፣ ደጁ ላይ ደግሞ የማንጎ ዛፍና ረጅም አግዳሚ ወንበር ነው። ውስጥ ስዊችቦርዱ ተቀምጧል፤ ቁም ሣጥን የሚያህል እንጨት፣ ፊቱ ረድፍ በረድፍ ቀዳዳ፣ ከሥሩ የናስ መሰኪያ ያላቸው ገመዶች። ከተማ ውስጥ አንድ ሰው የስልኩን መዘውር ሲያዞር ከቀዳዳው በላይ ያለች ትንሽ የብረት ክዳን ጠብ ትላለች። አንዱን ገመድ ሰክታችሁ «አቤት» ትላላችሁ፤ የሚፈልገውን ይነግራችኋል፤ ሌላውን ገመድ እዚያ ትሰካላችሁ። ሁለት ሰው ተገናኘ ማለት ነው።

ከከተማ ውጭ የሚወስዱት ግን ሁለት መስመሮች ብቻ ነበሩ። ሁለቱም ነቀምት ይደርሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የምትቀጥለው የነቀምቷ ኦፕሬተር ናት። የልጅ ምጥ፣ የዘመድ ሞት፣ የመምህሩ ዝውውር፣ የነጋዴው ዕቃ፣ የሹሙ ትእዛዝ፣ ሁሉም የሚያልፈው በሁለት ቀዳዳዎች ነበር።

ቦርዱ ላይ የሚሠሩት ጋሽ ደምሴ ይባላሉ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ኪሳቸው ከኦቾሎኒ የማይለይ ሰው ነበሩ። እኔ ስወለውል እሳቸው ሲሰኩ እያየሁ፣ መጥረጊያውን አቁሜ፣ ገመዱ የት ወዴት እንደሚሄድ በዓይኔ ተማርኩ። አንድ ቀን ወባ ጥሏቸው እየተንቀጠቀጡ «ነይ እስቲ አንቺ ስታዪ የከረምሽው፣ ተቀመጪ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ሲድኑም አላስነሡኝም፤ አጠገቤ ወንበር ስበው ልማዳቸውን ያስተምሩኝ ጀመር።

ልማዳቸው እንዲህ ነበር። ጠዋት ማዳመጫውን በንጹሕ ጨርቅ ሳይወለውሉ ጆሯቸው ላይ አያደርጉም። ሁለት ሰው ካገናኙ በኋላ የማዳመጫዋን ቁልፍ ወደ ላይ ገፋ አድርገው ኦቾሎኗቸውን ይፈለፍላሉ፤ የሰው ጉዳይ አይሰሙም። «የመስመር ሰጪ እጅ እንጂ ጆሮ አይሠራም» ይሉኛል። ንግግር የሚያቋርጡት «ልለያችሁ ነው» ብለው ደጋግመው ካስጠነቀቁ በኋላ ነው። ለራሳቸው ጉዳይ መደወል ከፈለጉ ደግሞ ከቦርዱ ተነሥተው፣ ውጭ ወጥተው፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ባርኔጣቸውን አስቀምጠው እንደ ማንኛውም ሰው ወረፋ ይይዛሉ! መጀመሪያ ያየሁ ቀን ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቁም።

ከሁሉ በላይ ግን አንዲት ጥያቄ ነበረቻቸው። ሰው ሲሰበሰብ መስኮቱን ከፍተው «ማን ቀደመ?» ይላሉ። «ማን ነህ?» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ወታደራዊ ልብስ የለበሰ ትልቅ ሰው መጥቶ «እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?» ቢላቸው፣ «አላውቅም ጌታዬ፣ ባላውቅም ይሻላል፤ ካወቅሁ እጄ ይዛባል» አሉት። የታመመ፣ የሚወለድና የሚቃጠል ቤት ብቻ ወረፋ ይዘላል። ያንንም አግዳሚው ላይ ያሉትን ጠይቀው ነው፤ እንቢ ያለ ሰው አላስታውስም።

እሳቸው የመስኮቱን ጥያቄ ሲጠብቁ ሕዝቡ ደግሞ የራሱን ሥርዓት ሠርቶ ነበር። የነቀምት መስመር እስኪለቀቅ ድረስ ሰው ገበያ ውሎ፣ ፍርድ ቤት ደርሶ መመለስ አለበት። ስለዚህ አግዳሚው ላይ ዕቃውን አስቀምጦ ይሄዳል። ሽማግሌው ዱላውን፣ መምህሩ ጃንጥላውን፣ ገበሬው ነጠላ ጫማውን፣ የበርታ ሴቶች የውሃ ቅላቸውን። ዕቃው ሰውየው ነው። ማንም የማንንም አይነካም፤ ሌባ እንኳ አይነካም።

ከዚያ ጊዜው ተቀየረ። ክልሉ ተቋቋመ፣ አሶሳ ዋና ከተማ ሆነች። በየሳምንቱ አዲስ ቢሮ ይከፈታል፤ ላንድክሩዘሩ አቧራውን ያስነሣዋል፤ ከየአገሩ የመጣ ሠራተኛ የሚከራይ ቤት ይፈልጋል። እኔ በመሃል ባምባሲ ተመድቤ ጥቂት ሠርቼ ተመልሻለሁ፤ እዚያ ሰው በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ያለቅሳል፣ በዐረብኛ ይምላል፤ ለእኔ ጥሩ ትምህርት ቤት ነበር። ስመለስ ጋሽ ደምሴ ጡረታ ወጥተው ጊምቢ ገብተዋል። ቦርዱ ለእኔ ቀረ። ደሞዙስ? ደሞዝማ ሲመጣ ይመጣል፤ እሱን ተዉት።

አዲስ ኃላፊ ተላከልን፤ አቶ ፈለቀ። ክፉ ሰው ነበር ብል ውሸት ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የታረመ፣ ከበላይ ስልክ ሲመጣለት ብቻውን ቢሆንም ተነሥቶ የሚያናግር ሰው ነበር። የመጀመሪያ ቀኑን ግን አሶሳ እስካሁን አትረሳውም።

ጠዋት ገባ፤ አግዳሚውን አየ፤ ፊቱን አኮማተረ። እኔ ቦርዱ ላይ ስለነበርኩ አላየሁትም። ግቢው በተጣለ ዕቃ ተዝረክርኳል ብሎ ዱላውንም፣ ጃንጥላውንም፣ ጫማውንም፣ ቅሉንም ሰብስቦ ካርቶን ውስጥ ከተተ! አግዳሚውንም በእርጥብ ጨርቅ አስወለወለው። ከዚያ ባለቤቶቹ ከገበያ ተመለሱ።

«ወረፋዬን ማን ሰረቀው?» አለ የመጀመሪያው።

«ወረፋ ይሰረቃል እንዴ?» አለ አቶ ፈለቀ።

«ይኸው ተሰረቀ!»

ሰው እየበዛ መጣ። አንዱ ካርቶኑን ገለበጠው። አሁን ማን ከማን በኋላ እንደነበረ ማን ይናገር? ጭቅጭቁ ሊካረር ሲል ሃዋ ተነሣች። ሃዋ ከከተማው ወጣ ብሎ የማንጎ ማሳ ያላት የበርታ ሴት ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ድምፅዋ የጎላ። አማርኛ በገበያ ስለተማረችው ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የምትለው፤ እኔን ጨምሮ። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እያነሣች «ዱላ ቀድሞ መጣ። ከዱላ ኋላ የእኔ ቅል። ከቅል ኋላ ጃንጥላ። ጃንጥላ፣ አንተ አትዋሽ፣ ጫማ ከአንተ ኋላ ነው» እያለች ሁሉንም መልሳ ደረደረችው። ማንም አልተከራከራትም። አቶ ፈለቀም በሩ ላይ ቆሞ ሲስቁበት ዋለ። ያ ሳቅ ውስጡ የቀረ ይመስለኛል።

ብዙም ሳይቆይ ትእዛዙ መጣ። ከሁለቱ የነቀምት መስመሮች አንደኛው ለቢሮዎችና «ለዋና ዋና ደንበኞች» ይያዝ ተባለ። ሌላው ሕዝብ በሁለተኛው ይጠቀም። አንደኛው መስመር ደግሞ ጥሩው ነው፤ ሁለተኛው ደመና ሲያይ የሚታመም መስመር ነበር።

«አቶ ፈለቀ፣ ዋና ደንበኛ ማለት ማን ነው?» አልኩት።

«በኋላ ይገለጽልሻል።»

ገለጸልኝ። ከቢሮዎቹ ሌላ ዋናው ደንበኛ አንድ ሰው ነበር፤ አቶ ይልማ፣ የማንጎ ነጋዴ። እኔ እረሳዋለሁ ብሎ ይሁን እንጃ፣ አቶ ፈለቀ የጠርሙስ ቡሽ አምጥቶ የአንደኛውን መስመር ቀዳዳ ደፈነው። የፈቀደለት ሲመጣ ራሱ ከቢሮው ወጥቶ ይነቅለዋል፤ ሲጨርስ መልሶ ይጠቀጥቀዋል። ያኔ ነው «መስመሩ የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ እንደፈለገ ያደርገዋል፤ አንቺን ምን አገባሽ?» ያለኝ።

አሶሳን የማያውቅ ሰው የማንጎ ነገር ቀልድ ይመስለዋል። ማንጎ አይጠብቅም። አንዴ መብሰል ከጀመረ የሚያነሣው መኪና ካልደረሰ ከዛፉ ሥር ይበሰብሳል። በዚያን ጊዜ ደግሞ ለማንጎ ጭነት አሶሳ ድረስ የሚመጣ ደፋር አይሱዙ ጥቂት ነበር፤ ባለቤቶቹም ነቀምት ነበሩ። ቀድሞ የደወለ ይይዘዋል። ስልኩን የያዘ መኪናውን ያዘ፤ መኪናውን የያዘ ዋጋውን ያዘ። ነገሩ ይኸው ነው።

ሃዋና ጎረቤቶቿ በዚያ ወቅት መከሩ። ዘንድሮ ለአቶ ይልማ አንሸጥም፣ የራሳችንን መኪና አስመጥተን እስከ አዲስ አበባ እንልካለን አሉ። ሃዋ ማለዳ መጥታ ቅሏን አግዳሚው መጀመሪያ ላይ አስቀመጠች፤ የትም አልሄደችም፣ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አስቴር፣ ዛሬ አንተ ለእኔ መኪና ታመጣለህ» አለችኝ በመስኮት።

«እኔ ድምፅሽን አደርሳለሁ፤ መኪናውን ሾፌሩ ያምጣው» አልኳት፤ ተሳሳቅን።

ዝናቡ ግን ከሌሊት ጀምሮ ይጥል ነበር። ሁለተኛው መስመር ነቀምት ይደርስና ይጠፋል። የነቀምቷ ኦፕሬተር ጫልቱ ትባላለች፤ በዓይን ተያይተን አናውቅም፣ ድምፅዋን ግን ከእህቴ ድምፅ ይልቅ ለይቼ አውቀዋለሁ። «አስቱ፣ አይሰማኝም፣ አንደኛውን ስጪኝ» ትለኛለች። አንደኛው አጠገቤ ነው። ባዶ ነው። ማንም እየተናገረበት አይደለም። ቡሹ ብቻ ነው ያለው።

ተነሥቼ አቶ ፈለቀ ቢሮ ገባሁ። «መስመሩ ተኝቷል፤ ሴትየዋን ላገናኛትና ወዲያው ልድፈነው» አልኩት። «አይቻልም» አለ። «የሚጠብቅ ቢሮ አለ?» «ሊመጣ ይችላል።» ሊመጣ ይችላል ለተባለ ሲባል የመጣው ሰው ቆሞ ይደር! ተመልሼ በዚያው በሁለተኛው መስመር፣ መንገድ ላይ ያለችው ጊምቢ እንድታቀብለኝ ሞከርኩ፤ እሱም ሳል እንደያዘው ሰው ቆይቶ ዝም አለ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ መሰኪያውን በጨርቅ አሸሁ፣ ጫልቱን ስሟን እየጠራሁ ጮህኩ። ጋሽ ደምሴ ያስተማሩኝን ሁሉ አደረግሁ።

በዚህ መሃል የአቶ ይልማ ፒክአፕ መጣ። ሾፌሩ ወረደና የመኪናውን ቁልፍ አግዳሚው ላይ ከሃዋ ቅል ፊት ወረወረው። አቶ ይልማ ተከትሎት ገባ። አቶ ፈለቀ ከቢሮው ወጣ፣ ቡሹን ነቀለ፣ ገመዱን ራሱ ሰካ። እጄን ገመዱ ላይ አድርጌ «ይቺ ሴት ቀድማለች» አልኩ። እጄን አንሥቶ ወደ ጎን አደረገው፤ በጨዋነት፣ የሕፃን እጅ ከምድጃ እንደሚያነሣ።

አቶ ይልማ የተናገረው አጭር ነበር። ሲጨርስ ለሃዋ ፈገግ ብሎላት ወጣ። ከዚያ ዝናቡ ጋብ አለና ሁለተኛው መስመር ተከፈተ። ሃዋን አገናኘኋት። የአይሱዙው ባለቤት የመለሰላትን እኔ አልሰማሁም፤ ደንቤ ነው። እሷ ናት ጮክ ብላ የደገመችው።

«አሁን ተያዘ? አሁን? ‹ቀደም ብለህ ብትደውል› ይላል!»

የደንበኞቹን ስልክ አስቀምጣ ወደ መስኮቱ መጣች።

«አስቴር። እኔ ቀድሞ መጣ። እሱ ኋላ መጣ። እሱ ቀድሞ ገባ። ወላሂ፣ ይሄ ስልክ ቤት ነው ወይስ የእሱ ቤት?»

የሃዋና የጎረቤቶቿ ማንጎ ከዛፍ ሥር ወደቀ፤ ተርብ ወረሰው። ኮምጣጣ ሽታው ነፋሱ ሲመጣ ስልክ ቤት ድረስ ይደርስ ነበር። የተረፈውን አቶ ይልማ በራሱ ዋጋ አነሣው። ሃዋ ከዚያ ወዲህ በደጃችን ስታልፍ ሰላም አትለኝም ነበር። በሥራ ዘመኔ ብዙ መስመር ተበጥሶብኛል፤ እንደዚያ ቀን ግን አልተሸነፍኩም፤ መስመሩ ደህና ሆኖ ነዋ የተሸነፍኩት።

እዚህ ላይ ለዛሬ ሰዎች አንድ ነገር ልበል። ሃዋ ቢያንስ ቡሹን አይታዋለች። የዛሬው ቡሽ አይታይም። የአንዱ ገጽ ዐይን ሳይጨፈን ይከፈታል፤ የሌላው እየተሽከረከረ ይቀራል፤ ሰው «ኔትወርክ የለም» ብሎ ዕድሉን ይረግማል። የዘገየው በዝናብ ይሁን በሰው እጅ በምን ያውቃል? ደንብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አቅራቢው ደግ ሰው ነው፣ ክፉ ሰው ነው የሚለው አይደለም ነገሩ። አቶ ፈለቀም ደግ ነበር። ቡሹ ግን ቡሽ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ከቦርዱ ተነሥቼ ወጥቼ፣ አግዳሚው ላይ ነጠላዬን አስቀምጬ፣ ወረፋዬ ሲደርስ ጊምቢ ለጋሽ ደምሴ ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ አወራሁላቸው። ኦቾሎኒ ሲፈለፍሉ ይሰማኛል።

«ቡሹን የሚነቅለው ማን ነው?» አሉ።

«እሱ ነዋ ጋሽዬ።»

«በምኑ?»

«በእጁ።»

«እጁ ያንቺ እጅ የሌለው ምን አለው?»

ሌላ ምክር አልሰጡኝም። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፣ «ወረፋ የያዘ ሰው ካለ ልቀቂለት» ብለው ዘጉት።

ዓመቱ ዞረ፤ ማንጎው መቅላት ጀመረ። አንድ ማለዳ መስኮቱን ስከፍት ሃዋ አግዳሚው ላይ ናት። ሰላም አላለችኝም። ቅሏን ግን ፊት አስቀምጣለች። ከእሷ ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ከነዱላው፣ ቀጥሎ ከጎጃም የተመደበ መምህር፣ ቀጥሎ ሌሎች። ቦርዱ ላይ ሁለተኛው መስመር እንደ ልማዱ ያጉረመርማል። አንደኛው ከነቡሹ ተኝቷል።

የአቶ ይልማ ሾፌር መጣና ቁልፉን ከቅሉ ፊት ጣል አደረገው። ማዳመጫዬን አወለቅሁ። ወጣሁ። ቁልፉን አንሥቼ እስከ አግዳሚው መጨረሻ ድረስ ሄጄ አስቀመጥኩት።

«ምነው እትዬ፣ ዕቃ አይነካም ይባል የለም እንዴ?» አለኝ ሾፌሩ።

«በወረፋው ከተቀመጠ አይነካም። ከወረፋ ፊት የተቀመጠ ግን ዕቃ አይደለም፣ እንቅፋት ነው።»

ሽማግሌው ሳቁ። ገብቼ ቡሹን በጣቴ ነቀልኩት። ጠንካራ መስሎኝ ነበር፤ እንዴት ያለ ልል ነገር መሰላችሁ! የመጀመሪያውን ገመድ እንደሰካሁ አቶ ፈለቀና አቶ ይልማ በር ላይ ቆመው አየሁ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየሠራሁ ነው።»

«መስመሩ የመሥሪያ ቤቱ ነው ብዬሻለሁ!»

«መስመሩማ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ወረፋው ግን የሰው ነው። ወረፋውን ማን ሸጠልዎት?»

ፊቱ ቀላ። «ከወንበሩ ተነሺ!» አለኝ። ተነሣሁ። አልተጣላሁም፣ አላለቀስኩም። ማዳመጫውን በጨርቄ ወልውዬ በቦታው ሰቀልኩ፤ ገመዱን እንዳለ ትቼ ወጣሁና አግዳሚው መጨረሻ ላይ ከመኪናው ቁልፍ አጠገብ ተቀመጥኩ። አቶ ፈለቀ ራሱ ቦርዱ ላይ ተቀምጦ ማዳመጫውን አደረገ። በመስኮቱ ሁሉንም እናያለን፣ እሱ የሚናገረውንም እንሰማለን።

«ነቀምት! የአይሱዙውን ባለቤት አገናኚኝ። … ከአሶሳ ነው። … ኃላፊው ነኝ። … ምን? … ምን አገባሽ አንቺ?»

ወደ እኛ ዞረ። እንደ ተገረመ ሰው ነበር።

«‹ማን ቀደመ?› ትለኛለች!»

ለካስ ጫልቱንም በወጣትነቷ ቦርድ ያስያዟት ጋሽ ደምሴ ኖረዋል! እኔ ያኔ ነው ያወቅሁት። አግዳሚው ሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ሽማግሌው ዱላቸውን መሬት መቱና «ንገራት እንጂ! ጠይቃሃለች እኮ!» አሉት። መምህሩ «አፍረህ እንዳይሆን፣ እኛ እንንገርልህ?» አለው። አቶ ይልማ ሰዓቱን ያያል። ሃዋ ግን አልሳቀችም። ተነሥታ መስኮቱ ድረስ ሄደች፤ ክርኗን አስደግፋ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«እኔ» አለችው። «እኔ ቀደመ። አምና ቀደመ፣ ዘንድሮ ቀደመ። በላት።»

ጫልቱ በመስመሩ ላይ ትጠብቃለች፤ አግዳሚው ይጠብቃል። እንግዲህ ለእውነት ልናገር፤ አቶ ፈለቀ ሊዋሽ ይችል ነበር። አልዋሸም። ማዳመጫውን አውልቆ ቦርዱ ላይ አስቀመጠና ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ። ገባሁ። ተቀመጥኩ። «ጫልቱ፣ አስቴር ነኝ፤ የቀደመችው ሃዋ ናት» አልኩ። አገናኘኋቸው፤ ቁልፏን ወደ ላይ ገፋሁ። ንግግራቸውን አልሰማሁም። የሃዋን ፊት ግን አይቻለሁ።

አይሱዙው መጣ። ሴቶቹ ማንጎውን በሣር እየደለደሉ ሲጭኑ ዘፈናቸው እስከ ከተማ ይሰማ ነበር። አቶ ይልማም ወረፋው ሲደርስ ደውሎ ሌላ መኪና አገኘ፤ አልተከለከለም። እሱ ግን እንደ ሁሉ ሰው ወረፋ መጠበቁን አልቻለውም። ከሰሰኝ።

ከበላይ መሥሪያ ቤት ሦስት ሰዎች ተላኩ። ጠረጴዛ ከብበው ተቀመጡ፤ እኔን ፊታቸው አስቀመጡኝ። የኃላፊ ትእዛዝ መጣሴን ጠየቁኝ፤ አልካድኩም። ሕዝብ ፊት ኃላፊ ማዋረዴን ጠየቁኝ፤ «እኔ ወንበሩን ለቅቄለት ነበር» አልኩ። መካከለኛው፣ ጸጉሩ የሸበተው፣ ለስለስ ብሎ አነጋገረኝ። ነገሩ በማስጠንቀቂያ ሊያልቅ እንደሚችል፣ ልጆች እንዳሉኝ፣ አሶሳ ቤት እንደሠራሁ ያውቃል። ከእኔ የሚፈልጉት አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«ወይዘሮ አስቴር፣ ነገ ቦርዱ ላይ ብንመልስሽና ያው ትእዛዝ ቢሰጥሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

አሰብኩበት። የምዋሽበትም ቃል አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ለልጆቼ ስል። ከዚያ ግን ስለ ነገ ጠዋት አሰብኩ፤ መስኮቱን ስከፍት፣ አግዳሚውን ሳይ።

«ነገ ቀድሞ የሚመጣውን ሰው አላውቀውም» አልኳቸው። «የማገናኘው ግን እሱን ነው።»

ቡለን ላኩኝ። ክልሉ አንድ ነው ይባላል፤ ያኔ ግን ከአሶሳ ቡለን ለመድረስ አዲስ አበባን ዞሮ፣ ጎጃምን አቋርጦ ነው። ልጆቼን ይዤ፣ ፍራሽ ጠቅልዬ፣ በአውቶብስ በጭነት መኪና ደረስኩ። የቡለን ስልክ ቤት አንድ ክፍል ነበረች፤ ወደ ውጭ የሚወስደውም መስመር አንድ ብቻ።

በማግስቱ ጠዋት ማዳመጫውን ወልውዬ መስኮቱን ስከፍት ሁለት ሰዎች ቆመው አገኘሁ። አንዱ ሻንጣ የያዘ የወረዳ ሹም ነው፤ አንዱ እግሩ ጭቃ የሆነ ገበሬ።

ገበሬው ቀድሞ ነበር።